የቫይኪንጎችን መካነ መቃብር ለመጎብኘት፦ ስለ ሊንድሆልም ሆየ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዴንማርክ የሚኖር ሰው ዘመድ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያሳየው ኮፐንሃገንን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ሰሜን ወጣ ማለት የሚችል ሰው ሊንድሆልም ሆየን ሳያይ ባይመለስ እመክራለሁ። በመርከብ ቅርጽ የተደረደሩ ድንጋዮች የሞሉበት የጥንት መካነ መቃብር ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከጎኑም ሙዚየም አለው። ስለ ቦታው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው በትክክል የት ነው?

በዴንማርክ ሰሜን፣ ጁትላንድ በሚባለው ክፍል፣ ኦልቦርግ የምትባል ከተማ አለች። ሊምፍዮርድ የተባለ የባሕር ወሽመጥ ከተማዋን ከሰሜን ጎረቤቷ ከኖረሱንድቢ ይለያታል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ኖረሱንድቢ ስትደርሱ፣ ከቤቶቹ በላይ ወሽመጡን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ታገኛላችሁ። ሊንድሆልም ሆየ እሱ ነው።

ኮረብታው ላይ ወደ 700 የሚጠጉ መቃብሮች ተገኝተዋል። ወደ 150 የሚሆኑት በመርከብ ቅርጽ በተደረደሩ ድንጋዮች የታጠሩ ናቸው።

የተቀበሩት ሁሉ ቫይኪንጎች ናቸው?

አይደሉም። ሰው እዚህ መቀበር የጀመረው በ400 አካባቢ ነው፤ ያበቃው ደግሞ ከ1000 በኋላ ብዙም ሳይቆይ። ቫይኪንግ የሚባሉት በመርከብ እየሄዱ ይዘርፉና ይነግዱ የነበሩ የስካንዲኔቪያ (የሰሜን አውሮፓ) ሰዎች ናቸው፤ ዘመናቸው ብዙውን ጊዜ ከ793 ጀምሮ ይቆጠራል፤ ያኔ ነው ከባሕር የመጡ ወራሪዎች በእንግሊዝ ጠረፍ የሚገኘውን የሊንዲስፋርን ገዳም የዘረፉት። ስለዚህ ከፊሎቹ መቃብሮች ከቫይኪንጎች በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ለማስተያየት፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እዚህ ሲቀበሩ አክሱም ክርስትናን ተቀብላ፣ ገና በኃይሏ ላይ ነበረች። የመጨረሻዎቹ ሲቀበሩ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ገና አልታነጹም። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ፣ ሙታኑን ወደ አንድ ኮረብታ ሲያመጣ ኖሯል።

ታዲያ እነማን ናቸው? ነገሥታት? ተዋጊዎች?

ቦታውን እንድወደው ያደረገኝ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ንጉሥ የለም። ስሙ የታወቀ አንድም ሰው የለም። እዚሁ አጠገብ በነበረው መንደር የኖሩ ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ቫይኪንግ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው መጥረቢያ የያዘ ዘራፊ ነው። እዚህ የምታዩት ግን አብዛኛው ሰው እንዴት ኖሮ እንዴት እንደሞተ ነው። አርሷል፣ ከብት አርብቷል፣ ፈትሏል፣ ሸምኗል። ከመካከላቸው በመርከብ ርቆ የሄደ ሊኖር ይችላል፤ የሚበዛው ግን ከዚህ አካባቢ ብዙም ያልራቀ ሰው ነው።

ድንጋዮቹ ቅርጻቸው የተለያየው ለምንድን ነው?

ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው የሚያየው የተበታተነ ድንጋይ ብቻ ነው። አውቆ የሄደ ግን ኮረብታውን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ከላይ ጀምሩ። የኮረብታው አናት ላይ ያሉት መቃብሮች በዕድሜ የቀደሙት ናቸው። ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ዘመኑም ወደ እኛ እየቀረበ ይመጣል። ከፍታው ላይ ትናንሽ ጉብታዎችን ታያላችሁ። ከዚያ ድንጋዮቹ መታየት ይጀምራሉ፤ አንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ እንደ እንቁላል ሞላላ። ወደ ቫይኪንግ ዘመን ስትገቡ መርከቦቹ ይበዛሉ። ሁለቱ ጫፎች ሾል ያሉ ናቸው፣ ሆዱ ሰፋ ይላል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች አንዳንዴ ከሌሎቹ ከፍ ብለው ይቆማሉ፣ ልክ እንደ እውነተኛ መርከብ አፍንጫና ጅራት።

በአብዛኛው ሦስት ማዕዘንና መርከብ የወንዶች ነው፤ ክብና ሞላላ የሴቶች። ይህ የታወቀው ከውስጣቸው በወጡት ዕቃዎች ነው። የመስታወት ዶቃ፣ የደረት ጌጥና የእንዝርት ክብ ከሴቶቹ ጋር ይገኛል። እንዝርቱን ሳይ ቆም አልኩ። እንጨቱ ከጠፋ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ የቀረው እንዝርቱን የሚያከብደውና የሚያሽከረክረው መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ነገር ነው። አያቷ ጥጥ ስትፈትል እያየች ያደገች ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልጋትም።

መርከቡ ምን ማለት እንደሆነ የጻፈልን የለም፤ እነሱ ይህን በጽሑፍ አላስቀመጡም። ሞትን እንደ ጉዞ ያዩ ነበር የሚለው ሐሳብ ግን ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ነው። የውሃ ዳር ሕዝብ ናቸው፤ ከኮረብታው ቁልቁል የሚታየው ወሽመጥም መንገዳቸው ነበር።

አንዳንዱ መርከብ ጎዶሎ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የጎደለውን የወሰደው ተፈጥሮ አይደለም። ሰዎች ድንጋዮቹን ለሌላ ግንባታ እያነሱ ወስደዋቸዋል። አንዳንዱም የተወሰደው እዚያው በጥንት ዘመን ነው፤ የኋላ ሰዎች ለራሳቸው ሟች መቃብር የቀደሙትን ድንጋይ እየነቀሉ ተጠቅመዋል።

እውነት ሙታናቸውን ያቃጥሉ ነበር?

አዎ፣ እዚህ ከተገኙት አብዛኞቹ የተቃጠሉ ናቸው። ሳይቃጠል የተቀበረው ጥቂቱ ነው። አስከሬኑ በልብሱና በጌጡ እንጨት ላይ ተጋድሞ ይቃጠላል። ውሻ፣ በግ ወይም ሌላ እንስሳ አብሮ የሚቃጠልበት ጊዜ ነበር፤ አጥንታቸው ከአመዱ ውስጥ ወጥቷል። ከዚያ አመዱና የተረፈው አጥንት ላይ ስስ አፈር ይለበሳል፣ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል። ጥልቅ ጉድጓድ የለም። በድንጋዮቹ መሐል ስትቆሙ እሳቱ ከነደደበት መሬት በላይ ናችሁ ማለት ነው።

በእኛ ባህል ሬሳ ማቃጠል የሚከብድ ነገር ነው። አብረዋችሁ የሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ቢለወጥ አትገረሙ። እኔ ለእነሱ የምነግራቸው ታሪክ አለ። በ922 ኢብን ፋድላን የሚባል የባግዳድ መልእክተኛ ቮልጋ ወንዝ ዳር ሩስ የሚባሉ ከስካንዲኔቪያ ጋር የተያያዙ ነጋዴዎችን አገኘ። አለቃቸው ሞቶ ከመርከቡ ጋር ሲቃጠል አይቶ ጽፏል። ያኔ አንዱ ሰው ለእሱ በአስተርጓሚ የተናገረው ነገር ነበር፦ እናንተ የምትወዱትን ሰው አፈር ውስጥ ትከቱትና ትል ይበላዋል፤ እኛ ግን በአንዲት አፍታ እናቃጥለዋለን፣ ወዲያው ገነት ይገባል። ይህ የሆነው ከሊንድሆልም እጅግ ርቆ ነው፤ የዚህ ኮረብታ ሰዎች ቃል በቃል እንዲህ ያምኑ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ማቃጠሉ ሟቹን ከመናቅ የመጣ እንዳልነበር ያሳያል። የወደዱትን ሰው ነው ያቃጠሉት።

ከሺህ ዓመት በላይ እንዲህ ሳይፈርስ እንዴት ቆየ?

አሸዋ ነው ያዳነው። በ1000 አካባቢ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋ እያመጣ ኮረብታው ላይ ይቆልል ጀመር። መቃብሮቹን ሸፈናቸው። መንደሩንም ሸፈነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ውፍረቱ እስከ 4 ሜትር ይደርስ ነበር። ለመንደሩ ነዋሪዎች መከራ ነበር፤ እርሻቸውን ነጥቋቸዋል። ለእኛ ግን አብዛኛውን እንደነበረ አስቀመጠልን። ሌላ ቦታ ላይ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ለአጥር፣ ለቤትና ለመንገድ ተለቅመው አልቀዋል። እዚህ ካለው ግን አብዛኛውን አሸዋው ስለሸፈነው ማንም አላየውም።

በጣም የሚያስደንቀው እርሻው ነው። ከአሸዋው ስር የ11ኛው ክፍለ ዘመን ማሳ ትልሙ እንኳን ሳይፈርስ ተገኝቷል። አንድ ገበሬ አርሶ ሄደ፣ አሸዋው መጣ፣ ማሳው እንዳለ ቀረ። የንጉሥ ሐውልት ብዙ ቦታ ይገኛል። ስሙ ያልታወቀ ገበሬ ያወጣው ትልም ግን የት ይገኛል?

አሸዋው ተጠርጎ ቁፋሮው በስፋት የተካሄደው ከ1952 እስከ 1958 ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው አርኪዮሎጂስት ቶርኪልድ ራምስኮ ነው።

ሙዚየሙ ምን አለው? ልግባ ወይስ ኮረብታው ይበቃል?

ግቡ። ሙዚየሙ መቃብሮቹ አጠገብ ነው፤ የተከፈተው በ1992 ነው። ግንባታው እውን የሆነው ኦልቦርግ ፖርትላንድ በተባለው የከተማዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ስጦታ ነው። በ2008 ደግሞ ተስፋፍቶ ስለ ሊምፍዮርድ አካባቢ የቅድመ ታሪክ ዘመን የሚያሳይ ክፍል ተጨምሮለታል።

ውስጡ ከቁፋሮው የወጡ ዕቃዎች፣ የመንደሩ ሕይወት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳዩ ሞዴሎችና ሥዕሎች አሉ። ቤታቸው፣ ምግባቸው፣ ሥራቸው፣ ቀብራቸው። ጊዜ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ኮረብታው። ዶቃውንና ጌጡን አይቶ የወጣ ሰው ድንጋዩ መሐል ሲቆም ሰው ይታየዋል።

ወርቅ ተገኝቷል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። ሊንድሆልም ሆየ የሀብት ክምር የተገኘበት ቦታ አይደለም። እሳቱም ብዙውን ነገር አበላሽቶታል፤ የመስታወት ዶቃው ቀልጦ የተጣበቀበት አለ።

ከሁሉም የሚታወቀው በአካባቢው የተገኘው ትንሽ የብር የልብስ ማያያዣ ጌጥ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀጭን፣ እግረ ረጅም እንስሳ ነው፤ እባብ በሚመስል ገመድ ተጠላልፎ መነሻና መድረሻው ይጠፋል። ኡርነስ የሚባለው የአሠራር ስልት ነው፤ ስሙን ያገኘው በኖርዌይ ካለ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ስልት የመጣው ሕዝቡ ክርስትናን እየተቀበለ ባለበት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የቫይኪንጎች የመጨረሻው ትልቅ የጥበብ ስልት ነው።

ባለ ቀንዱ ቆብስ?

የለም። እዚህም ሌላ ቦታም ቫይኪንጎች ቀንድ ያለው የራስ ቁር አድርገው ይዋጉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ሐሳቡ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሠዓሊዎችና በኦፔራ አልባሳት ነው። ለልጆቻችሁ የፕላስቲኩን ቆብ መግዛት ትችላላችሁ፤ እውነቱን ግን ንገሯቸው።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ከኮፐንሃገን ኦልቦርግ ድረስ ባቡር አለ፤ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል፣ እንደ ባቡሩም ይለያያል። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የኦልቦርግ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ኖረሱንድቢ በኩል ስለሆነ ከዚያ ኮረብታው ቅርብ ነው። ከኦልቦርግ መሐል ከተማ የከተማ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ሊንድሆልም የሚባል የባቡር ጣቢያም አለ፣ ከእሱ በእግር መውጣት ይቻላል። መኪና ላለው ሰው ሙዚየሙ አጠገብ ማቆሚያ አለ።

ዴንማርክ የራሷ ገንዘብ ክሮነር አላት፣ ዩሮ አይደለም። በየቦታው ግን በካርድ ይከፈላል።

ከስዊድን፣ ከጀርመን ወይም ከጣሊያን ነው የምመጣው። ሌላ ቪዛ ያስፈልገኛል?

ዴንማርክ የሸንገን አባል ናት። የሌላ ሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ወይም አገልግሎቱ ያላለቀ የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ካርዳችሁን ግን ሁለቱንም ያዙ፤ ድንበር ላይ ፍተሻ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ከእንግሊዝም የሚመጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዢ እንደዚሁ፤ እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም።

መግቢያ ስንት ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል?

መቃብሮቹ ያሉበት ኮረብታ ክፍት ነው፤ ሌሊትም ቀንም በነጻ ይገባል። የሚከፈለው ለሙዚየሙ ነው። የሙዚየሙ ዋጋና ሰዓት እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፣ በክረምት የሚከፈትበት ሰዓት ያጥራል። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሂዱ። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ ከተዘጋም በኋላ ኮረብታው ላይ ረጅም ብርሃን አላችሁ። እኔ የምመርጠው ያንን ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ትናንሾቹ ድንጋዮች ሳይቀሩ ጥላ ይጥላሉ፤ እኩለ ቀን ላይ የማይታዩ ቅርጾች ይወጣሉ። ታኅሣሥ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

በየበጋው፣ ብዙውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻ፣ የቫይኪንግ ገበያ ይቆማል። ሰዎች የዘመኑን ልብስ ለብሰው ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፣ ይሸጣሉ። ልጆች ላሉት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ቀን ይምረጥ።

ነፋሱን አትናቁት። አሸዋውን ያመጣው ነፋስ ዛሬም አለ። በበጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ይችሉታል?

ልጆች ይወዱታል። የሚሮጡበት ሜዳ አለ፣ በጎችም ይግጡበታል፤ ሣሩን የሚያሳጥሩት እነሱ ናቸው። ውሻ ያለው ሰው በማሰሪያ ይያዝ።

ለእናትና አባቶች ግን አስቡበት። ተዳፋት ነው፣ መሬቱ ሣር ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ያንሸራትታል። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ሙዚየሙን አይተው ከኮረብታው ዳር ሆነው ማየት ይችላሉ፤ ከዚያም ብዙው ይታያል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው በመቃብሮቹ መሐል መሄድ ይከብደዋል። ጥሩ ጫማ ማድረግ ለሁሉም ነው።

መቃብር ላይ መመላለስ፣ ፎቶ መነሳት ነውር አይደለም?

ይህን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ሐበሻ ነው፤ ጥያቄው ደስ ይለኛል። ዴንማርኮች ቦታውን እንደ መናፈሻም ያዩታል፤ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ። ማንም አይቆጣችሁም። እኔ ግን በድንጋዮቹ ላይ አልቀመጥም፣ ልጆችም እንዲወጡባቸው አልፈቅድም። አንደኛ ሰው ተቀብሮበታል። ሁለተኛ ድንጋዩ ይነቃነቃል፤ አንዴ ከቦታው ከተነሳ ቅርጹ ጠፋ ማለት ነው። ፎቶ አንሱ፣ ችግር የለውም። ድሮን ግን ይዛችሁ አትምጡ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው።

ትንሽ ጠጠር ለማስታወሻ ብወስድስ?

አትውሰዱ። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው። በብረት ፈላጊ መሣሪያ መፈለግም ክልክል ነው። በዴንማርክ ሕግ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ የወርቅና የብር ዕቃ፣ ሌላም ዋጋ ያለው ቅርስ የመንግሥት ነው፤ ያገኘ ሰው ለሙዚየም ያስረክባል፣ ለዚህም ካሳ ይከፈለዋል። መሬት ላይ እንግዳ ነገር ካያችሁ እንዳለ ትታችሁ ለሙዚየሙ ሠራተኞች ንገሩ።

እውነተኛ የቫይኪንግ መርከብ እዚህ አለ?

የለም፣ እዚህ ያሉት የድንጋይ ናቸው። ከእንጨት የተሠራውን ማየት የፈለገ ከኮፐንሃገን አቅራቢያ ወዳለችው ሮስኪልድ ይሂድ። በ1962 ከባሕር ወሽመጡ ስር የወጡ አምስት መርከቦች እዚያ ናቸው። ሰው ከነመርከቡ የተቀበረበትን ለማየት ደግሞ ፊውን ደሴት ላይ ላድቢ አለ። እንጨቱ በስብሶ አልቋል፤ የመርከቡ ቅርጽ አፈሩ ላይ ታትሞ፣ ምስማሮቹ በየቦታቸው ሆነው ቀርተዋል። ኦስሎ የነበረው የመርከቦች ሙዚየም በ2022 ለግንባታ ተዘግቷል፤ ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ መከፈቱን ያጣራ።

ከሊንድሆልም ሆየ በኋላ የት ልሂድ?

መኪና ካላችሁ ወደ ደቡብ፣ ሆብሮ ከተማ አጠገብ ፊርካት አለ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ፍጹም ክብ የሆነ የአፈር ምሽግ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ሊምፍዮርድ ዳር፣ አገርስቦርግ አለ፤ ከክብ ምሽጎቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለቱም በ2023 ከሌሎች ሦስት ምሽጎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ምሽጎቹን አሠራ የሚባለው የዴንማርክ ንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ብሉቱዝ የተሰየመው በእሱ ነው፤ ምልክቱም የስሙ መነሻ የሆኑ ሁለት የጥንት የስካንዲኔቪያ ፊደላት ተጣምረው ነው።

የቀረውን ቀን የሊንግ ለምትባለው ትንሽ ከተማ ስጡት። ሃራልድ ዴንማርኮችን ክርስቲያን እንዳደረጋቸው ያስቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሟል። ከኦልቦርግ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም።